ከደብረ ብርሃን ወደ ሰው ሀገር በፔዳል፦ ውጭ ሄዶ የሚወዳደር ብስክሌተኛ ሰውነቱ ምን ይገጥመዋል?



"ልጄ በሳይክል ውድድር ወደ አውሮፓ ሊሄድ ነው፤ ምን ዓይነት ምርመራ ያድርግ?"
"እህቴ እዚያ ከሄደች ጀምሮ በጣም ከስታለች፣ የወር አበባዋም ቆሟል። ከልምምድ ብዛት ነው ትለኛለች፤ እውነት ነው እንዴ?"

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሲሰሙ ቀላል ይመስላሉ። ከጀርባቸው ያለው ግን የአጥንት፣ የሆርሞንና የልብ ጉዳይ ነው። ዛሬ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ተነስቶ ሰው ሀገር ላይ በአማተርነት የሚወዳደር ወጣት ሰውነቱ ምን እንደሚሆን በቀላል ቋንቋ እናያለን። ብስክሌተኛ ባትሆኑም ሯጭ፣ ኳስ ተጫዋች ወይም ውጭ ሀገር ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

🚴 መጀመሪያ፦ "አማተር" ማለት ምን ማለት ነው?

ብስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በፈረንጆቹ 1956 ሜልበርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ኑሮዋን ፈረንሳይ ያደረገችው እየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ስም በጎዳና ውድድሩ ተሳትፋለች። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በዚያው ዓመት ቱር ደ ፍራንስ ላይ 3 የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል።

እነዚህ ግን ጫፍ ላይ የደረሱት ናቸው። ከእነሱ በታች ያለው ብዙው ወጣት አማተር ነው። ክለቡ ማሊያ፣ ምናልባትም ብስክሌት ይሰጠዋል፤ ደሞዝ ግን ወይ የለም፣ ወይ ለኪስ የምትሆን ናት። ከልምምድ በፊት ወይም በኋላ ይሠራል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ቤተሰብ ደግሞ "ፈረንጅ ሀገር ነው ያለው" ብሎ ብር ይጠብቃል። ቡድኑ ውስጥ ሐኪምም ሆነ የምግብ ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው የራሱን ሰውነት የመከታተሉ ሥራ በራሱ ላይ የሚወድቀው።

⛰️ የደጋ ልጅ መሆን ምን ይሰጣል?

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው ግፊት 70 ከመቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ማለትም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ከከተማዋ ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጋልብ ልጅ ሳንባውና ልቡ በዚህ አየር ነው የተገራው።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ ነበር። የሂሞግሎቢን መጠናቸው (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል ማለት ነው) ባህር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም ሳይርቅ፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ጥሩ ሆኖ ተገኘ። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ደማቸው ይወፍራል። የእኛ ደገኛ ግን ደሙ ሳይወፍር ከፍታውን ለምዶታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ።

👉 አንደኛ፣ "የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ደሜ በቂ ነው" ማለት አይቻልም። ደጋ መወለድ ከደም ማነስ አያድንም።

👉 ሁለተኛ፣ ከፍታ የሰጠን ነገር ዘላለማዊ አይደለም። የስዊዘርላንዷ ኤግል፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማሠልጠኛ ማዕከል ያለባት ከተማ፣ ከፍታዋ 400 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሳምንታት ሲቆጠሩ ሰውነት "ለካ ኦክስጅን ሞልቷል" ብሎ ከፍታ ላይ ያከማቸውን ሂሞግሎቢን መቀነስ ይጀምራል። ጀርመን ውስጥ 6 ሳምንት ገደማ በቆዩ ኬንያውያን ሯጮች ላይም ይሄ ታይቷል፤ መጠኑ በጥቂቱ ቀንሷል፣ ብቃታቸው ግን አልወደቀም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ "ክንፍ አወጣሁ እኮ!" የሚል ስሜት ይመጣል። አየሩ ወፍራም ነው፣ እግር ይታዘዛል። ብዙ ልጅ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው፤ በዚያ ስሜት ልምምዱን በአንድ ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል። ሳንባው ቢፈቅድም ጅማቱ፣ ጉልበቱና አጥንቱ ገና አልለመዱም። የልምምድ መጠን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጨመረው።

🌡️ ብርድ የለመደ ሰውነት ሙቀት ሲገጥመው

ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የምትጥል ከተማ ናት። የአውሮፓ የበጋ ውድድር ግን ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሊካሄድ ይችላል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ጨው በላብ መውጣቱ ይቀንሳል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል።

ደስ የሚለው፣ ይሄንን ለማድረግ አውሮፕላን መጠበቅ አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በርና በደብረ ሲና በኩል ብትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሞቃት ናት። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባም ቆላ ናት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከጉዞ በፊት ሁለት ሳምንት ቆላ ወርዶ በቀዝቃዛው ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ መለማመድ ጥሩ ዝግጅት ነው።

⚠️ ግን አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ቆላው የወባ አካባቢ ነው፤ የደጋ ልጅ ደግሞ ወባን የሚቋቋም አቅም አላዳበረም። አጎበር ይዛችሁ ውረዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አውሮፓ ገብታችሁም ቢሆን፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ለሐኪሙ "ወባ ካለበት ቦታ ነው የመጣሁት" በሉት። እዚያ ያለ ሐኪም በየቀኑ ወባ ስለማያይ ካልተነገረው ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች።

🍽️ ዋናው ጉዳይ፦ የጎደለው ምግብ

የዛሬው መልእክታችን ልብ እዚህ ጋ ነው። ውጭ ሀገር የሚወዳደር አማተርን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ዳገቱ አይደለም፤ ያልበላው ምግብ ነው።

ለምን አይበላም? አንዳንዱ ምግቡ አይጥመውም። አንዳንዱ "ክብደት ብቀንስ ዳገት ላይ እፈጥናለሁ" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ እውነቱን እንናገር ካልን ብር ለመቆጠብ ነው፤ ቤተሰብ ጋ የሚልከውን ከሆዱ ላይ ይቀንሳል። ሌላው ደክሞት ሲገባ ለማብሰል አቅም ስለሌለው ዳቦ በሻይ ጠጥቶ ይተኛል።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 50 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ብስክሌተኛ እንውሰድ። ከስብ ውጪ ያለው የሰውነቷ ክፍል 40 ኪሎ ነው እንበል። ለ4 ሰዓት ጋልባ 2,000 ኪሎ ካሎሪ አቃጠለች። በቀኑ የበላችው 2,600 ነው። 2,600 ለአንድ ሴት ብዙ ይመስላል አይደል? ልምምዱ የወሰደውን ስንቀንስ ግን ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለአጥንት፣ ለሆርሞን የቀረው 600 ብቻ ነው። በ40 ሲካፈል 15 ይሆናል። ባለሙያዎች እንደ አደጋ መስመር የሚያዩት በኪሎ 30 ነው፤ ጥሩ የሚባለው 45 አካባቢ ነው። ልጅቷ ከአደጋው መስመር ግማሽ ላይ ናት ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሰውነት ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ልክ ገቢ እንዳነሰው ቤት "ዛሬ ለመኖር የግድ ያልሆነው ይቅር" ይላል። መጀመሪያ የመራቢያ ሆርሞንን ይቀንሳል። ከዚያ አጥንት መጠገን ያቆማል። በሽታ የመከላከል አቅም ይወርዳል፣ ስሜትም ይጨልማል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ስም አውጥቶለታል፤ በአማርኛ "በስፖርት ላይ የሚከሰት የጉልበት እጥረት" ልንለው እንችላለን።

ምልክቶቹ፦

✅ በሴቶች የወር አበባ መዛባት ወይም ለ3 ወርና ከዚያ በላይ መቅረት (የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ደም ስላየች ብቻ ደህና ነኝ ማለት አትችልም)
✅ በወንዶች የፍትወት ስሜት መቀነስ፣ ጠዋት ጠዋት የነበረው የብልት መቆም መጥፋት
✅ በየጊዜው ጉንፋን መያዝ፣ ቁስል ቶሎ አለመዳን
✅ ሁልጊዜ መብረድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ
✅ ልምምድ እየጨመረ ብቃት መውረድ
✅ አንድ ቦታ ላይ የሚያም፣ ሲነካ የሚቆጠቁጥ የአጥንት ሕመም

"የወር አበባዬ የቆመው ጠንክሬ ስለሠራሁ ነው" የሚለው አባባል በጣም የተለመደ ነው፤ እንደ ጀግንነት የሚያዩትም አሉ። አይደለም። ሰውነቱ በቂ ምግብ አላገኘሁም እያለ ነው። ብስክሌተኛ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሩጫ ላይ እግር መሬት ሲመታ አጥንት ይጠነክራል፤ ብስክሌት ላይ ግን ክብደታችንን የሚሸከመው ኮርቻው ነው። ስለዚህ የብዙ ብስክሌተኞች የወገብ አጥንት ከሌላው ስፖርተኛ የሳሳ ነው። በዚያ ላይ ምግብ ሲጎድል 22 ዓመት ያልሞላው ልጅ የአዛውንት አጥንት ሊኖረው ይችላል። አንዴ ከብስክሌት ሲወድቅ ዳሌው የሚሰበረውም ለዚህ ነው።

👉 ታዲያ ምን ይደረግ?

ከ1 ሰዓት በላይ በሚቆይ ልምምድ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይወሰድ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከሆነ፣ ሆድ ቀስ በቀስ ከለመደ በኋላ፣ እስከ 90 ግራም መድረስ ይቻላል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ ብትጨምሩበት 35 ግራም ገደማ ታገኛላችሁ፤ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የስፖርት መጠጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ስንቁ ከቤቱ አለ። በሶ! የገብስ ሀገር ሰው ሆኖ በሶን መናቅ አይገባም። 100 ግራም በሶ 70 ግራም ገደማ ኃይል ሰጪ አለው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በማርና በጨው ተድቦልቡሎ የማሊያ ኪስ ውስጥ ይያዝ። ከልምምድ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ በደንብ ይበላ፦ እንቁላል በዳቦ፣ ሩዝ በምስር፣ ፓስታ በሥጋ፣ ወተት። እናቶች፣ ሻንጣው ላይ በርበሬና ሽሮ ስትጨምሩ በሶውን እንዳትረሱት።

ለአጥንት ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከብስክሌት ወርዶ መዝለልና ክብደት ማንሳት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለማይገኝና ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለማምረት ብዙ ፀሐይ ስለሚፈልግ ይሄንንም አስመርምሩ።

🙏 ጾምና የብረት ማዕድን

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም የአውሮፓ የውድድር ወቅት በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ረመዳንም በአንዳንድ ዓመት እዚያው ይገጥማል። መጾም አለመጾም የእናንተና የሃይማኖት አባቶቻችሁ ጉዳይ ነው፤ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር ተማከሩበት። እኛ የምንለው፣ የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙን ልምምድ ከመብያ ሰዓት ጋር አቀራርቡት፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባና ሰሊጥ አብዙ።

"ጤፍ ብረት አለው፣ አይጠፋብኝም" የሚል አለ። እውነት ነው፣ ጤፍ ብረት አለው። ግን የተወሰነው ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ የቀረውም ቢሆን ሆድ ውስጥ በቀላሉ አይመጠጥም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻሻላል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ መብላት ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት አስለኩ፤ ሂሞግሎቢን ደህና ሆኖ ፌሪቲን ከ30 በታች ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ግን ብረት በመርፌ አትወጉ። ብረት ሲበዛም ጉበትና ልብ ይጎዳል።

💊 እኛ ጋ መድኃኒት፣ እዚያ ቅጣት

ይሄ ክፍል የብዙ ልጆችን ዕድል ሊያድን ይችላል። ሀገር ቤት በቀላሉ የምንወስዳቸው ነገሮች የውድድር ፈቃድ ላለው ሰው፣ አማተርም ቢሆን፣ የተከለከሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

👉 "ደክሞኛል፣ ግሉኮስ ይሰቀልልኝ"፦ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ የተከለከለ ነው። ልዩነቱ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በምርመራ ጊዜ ሲሰጥ ብቻ ነው። ለድካም ተብሎ ክሊኒክ ውስጥ የሚሰቀለው ከረጢት ግን ያስቀጣል።

👉 ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን፦ በመርፌም ሆነ በኪኒን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ቀደም ብሎ የተወሰደው ሰውነት ውስጥ ቆይቶ ሊገኝ ይችላል።

👉 ትራማዶል፦ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2019 ጀምሮ፣ ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ተቋም ደግሞ ከጥር 2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ከልክለውታል። ሱስ ያስይዛል፣ ያፈዛል፤ ፈዞ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊት "ፈቃድ ያለኝ ስፖርተኛ ነኝ" በሉ። የግድ የሚያስፈልግ መድኃኒት ካለ (ለአስም ወይም ለስኳር) አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ጓደኛ የሰጣችሁን ዱቄትና ኪኒን ደግሞ በቃ አትንኩ።

🪖 ጭንቅላት ሲመታ

ከወደቃችሁ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ፣ ነገር መርሳት ወይም ብዥታ ካለ ውድድሩ እዚያው ያበቃል። "ትንሽ ነው፣ ይለፈኝ" የለም። አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ አደጋው እጅግ የከፋ ነው። የራስ ቁሩ ባይሰነጠቅ እንኳን አንዴ በኃይል ከተመታ ይቀየር። ማስታወክ ከተደጋገመ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል!

📋 ከመሄድ በፊት

1️⃣ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)። ጣሊያን ውስጥ ለምሳሌ ኢሲጂ ያለበት የሐኪም ማረጋገጫ ሳይኖር የውድድር ፈቃድ አይሰጥም። የአፍሪካ ተወላጅ ስፖርተኞች ኢሲጂ ላይ ጤናማ ሆኖ ሳለ በሽታ የሚመስል ለውጥ ሊታይ ስለሚችል የሀገር ቤቱን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ልምምድ ላይ ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነት ድንገት የሞተ ሰው ካለ አትደብቁ።
2️⃣ ሙሉ የደም ምርመራና ፌሪቲን።
3️⃣ የቴታነስ ክትባት። ብስክሌተኛ ከአስፋልት ጋር መገናኘቱ አይቀርም።
4️⃣ ጥርስ። ውጭ ሀገር የጥርስ ሕክምና ውድ ነው።
5️⃣ የጤና መድን፦ ውድድር ላይ የደረሰ ጉዳትን ይሸፍን እንደሆነ ክለቡን በጽሑፍ ጠይቁ።
6️⃣ የምትወስዱት መድኃኒትና የቆየ ሕመም በአንድ ወረቀት ላይ።

📞 ቤተሰብ ሆይ፣ ይሄ ለእናንተ ነው

ስልክ ስትደውሉ መጀመሪያ "ስንተኛ ወጣህ?" አትበሉ። "ዛሬ ምን በላህ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ማን አብሮህ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሴት ልጅ ከሆነች እናት ወይም እህት የወር አበባዋን ትጠይቃት፤ ነውር የለውም። በቪዲዮ ስታዩት ከከሳ "አምሮብሃል፣ ስፖርተኛ መሰልክ" አትበሉት።

ብር ስትጠይቁትም አስቡበት። አማተር ነው። የሚልክላችሁ 50 ዩሮ የሳምንት ምግቡ ሊሆን ይችላል። "አንተ መጀመሪያ ብላ፣ እኛ ደህና ነን" የምትል አንዲት ቃል ከማንኛውም ቫይታሚን ትበልጣለች። ከሰው ከራቀ፣ ስልክ ማንሳት ከተወ፣ "ምን ዋጋ አለው" ማለት ካበዛ ደግሞ ድካም ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። የክለቡን ሰው ወይም በአቅራቢያው ያለ ሀበሻ አግኙና ሐኪም ጋ እንዲወስዱት አድርጉ።

ከላይ ከዘረዘርናቸው የምግብ እጥረት ምልክቶች ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ያሉበት ስፖርተኛ ልምምዱን ቀንሶ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይ። በጊዜ ከተያዘ ምግብ በመጨመርና በእረፍት ብዙው ይመለሳል። አጥንት ግን አንዴ ከሳሳ ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ይሄ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ውጭ ያለ ስፖርተኛ ዘመድ ካላችሁ አሁኑኑ ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄያችሁን ደግሞ በኮመንት አስቀምጡልን።

መልካም ጤና ለእናንተና ለቤተሰባችሁ! 💚💛❤️